የሰማዩ ዘበኛ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ተነስቶ ያሉበት ክፍል ድረስ ይግባ። ጤናዎስ? ሥራዎስ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ጉልበትዎን የጠየቀችው እናቴ ናት፤ «የአጎቴ ልጅ ደረጃ መውጣት አለባት፣ ሳትጠይቃት እንዳትቀር» ብላኛለች። እኛ ደህና ነን። ደህና የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

«በስልክ ጣት ከልብ ይቀድማል፣ ከእንግዲህ በወረቀት ጻፍልኝ» ስላሉኝ ይኸው ባለመስመር ወረቀት ገዛሁ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ቴምብር ስጠይቃት ከሙዚየም ያመለጥኩ ይመስል አየችኝ።

እህቴ እታለም ካረፈች ዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀን ሆናት። የምትሠራበት መነጽር ቤት ነጭ ካፖርቷን አጥቦና አጣጥፎ መለሰልን። ኪሱ ውስጥ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ነበረች። ክፍሏ እንዳለ ነው። እናቴ አትገባበትም፤ በሩ ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ትጨምራለች። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ መደርደሪያው ላይ የደረደረቻቸውን ባዶ የመነጽር ፍሬሞች አልፋ ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ዓይኖች ትሠራለች። ዓይኖቹ ቀስ እያሉ ወደ በሩ ይሄዳሉ። አብሬያቸው የምሄድ የሚመስለኝ ቀን አለ። ትናንት ከሰዓት እዚያው ሸለብ አደረገኝና ከግድግዳው ማዶ ስልኳን ስትነካካ ሰማኋት። የጣቷ ድምፅ ገና የሚጀምር ካፊያ ይመስል ነበር። ስነቃ ግን ከግድግዳው ማዶ ያለው የእኔው ክፍል እንደሆነ አስታወስኩ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እርስዎ ከእናቴ ቤተ ክርስቲያን፣ እታለም ከድልድዩ ማዶ ካለው አዲሱ ጉባኤዋ ሆናችሁ፣ ክርስቲያኖች ሳይሰዳደቡ እንዲከራከሩበት የከፈታችሁት ገጽ አለ። የሞቷ ማስታወቂያ እዚያ ሲወጣ ብዙ ሰው «ነፍስ ይማር» አለ። «የድሮው መንገድ» የሚል ስም ያለው ሰው ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ከእናቷ ቤት እንደወጣች ሞት መንገድ ላይ አገኛት። እኔ በበኩሌ አላለቅስላትም።»

አርባ ሁለት ሰው ላይክ አድርጎታል። አርባ ሁለቱንም በስም ይዣቸዋለሁ።

እትዬ፣ የገጹ የይለፍ ቃል ከእንግዲህ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ይላኩልኝ። ይህንን ሰውና እንደሱ ያሉትን ሁሉ ጠራርጌ አስወጣለሁ። ሌላ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም።

እግዚአብሔር በሄዱበት ሁሉ ይከተልዎ።

ታናሽዎ


ጥቅምት 29

ለምወድህ ለታናሹ፣

በገባህበት ሁሉ ሰላም ይቅደምህ፤ ለእናትህም ብርታቱን ይስጣት። ጉልበቴ አለ፤ ከእኔ በላይ እየተሰማ ነው፣ ደረጃ ስወጣ ሰዎች ዞረው ያዩታል በላት።

ከሰላምታ አልፈህ ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ዛሬ ልንገርህ። የምሠራው ባቡር ጣቢያው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሰዎች ረስተዋቸው የሄዱ ዕቃዎች ተሰብስበው በሚጠበቁበት ክፍል። አምስት መቶ የሚሆን ጃንጥላ ከጣሪያው ተሰቅሏል። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባና ሁሉም ባንዴ ይወዛወዛሉ፤ ሕልም እያዩ የሚገላበጡ ይመስላሉ። አንድ እግር ጫማ አለ፣ ያልተከፈተ ስጦታ አለ። አንዴ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሃረብ ተጠቅልሎ መጣ። ባለቤቱ ሲመጣ ምን እንደጠፋው ሊነግረኝ አልቻለም፤ አፉ ባዶ ነዋ! በጣቱ ድዱን እያሳየኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

በክፍላችን አንድ ደንብ አለ። ሰው መጥቶ «ያ ቦርሳ የእኔ ነው» ሲል አንከፍትለትም። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ይነግረናል። ለእህትህ ይህን ስነግራት «እትዬ፣ ይሄን የገጻችን ሕግ እናድርገው!» አለች። እኛ ጋ ማንም የሌላውን እምነት ከመቃወሙ በፊት፣ ያ ሌላው ሰው የሚያምነውን በራሱ ቃል ይናገርለታል፤ የእምነቱ ባለቤት «አዎ፣ የእኔ ነው» እስኪል ድረስ። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ይቃወም። እኔና እሷ በዚህ ደንብ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራከርን። አንድም ቀን አልተስማማንም፤ አንድም ቀን አልተቀያየምንም።

ያ ሰው የጻፈውን ገልብጠህ ልከህልኛል። ገጹ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። የመጀመሪያውን መስመር ትተኸዋል። ለምን ተውከው?

እስክትመልስልኝ በጸሎቴ አለህ።

እትዬህ


ኅዳር 12

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለ ጃንጥላዎቹ አመሰግናለሁ። የጠየቅሁት ግን የይለፍ ቃል ነበር።

አሁን ማጥፋቱም ቀርቷል። «የድሮው መንገድ» ማን እንደሆነ አግኝቼዋለሁ። በራሱ ገጽ ላይ የአበባ ማሰሮ ፎቶ ለጥፏል። ከማሰሮው ጀርባ ያለው መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር ኮከብ መስሎ ተለጥፏል። ያንን ኮከብ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬአለሁ። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ መስኮት ነው፤ ሰውየውም ጠርሙስ የሚያጥብልንና ኬሚካል የሚያድለን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው። ተማሪው ሁሉ «አሲድ» ነው የሚለው። ጉንጩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

ሰውየውን ከነጠባሳው ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከጻፈው ነገር ጋር አድርጌ፣ የሚሠራበትን ቦታ ጨምሬ፣ በገጻችሁ ላይ ላወጣው ነው። ስምንት ሺህ ሰው ይየው። ርእሰ መምህሩም ይየው። በነጋታው ደግሞ እኛ ክፍል ሲገባ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ካልላኩልኝ በትምህርት ቤቱ ግሩፕ እለጥፈዋለሁ። መልስዎን በቶሎ እጠብቃለሁ።

ታናሽዎ


ኅዳር 27

ለታናሹ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያሳርፈው።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ጃንጥላዎቹ ሥር ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለጥፈኸው ይሆን ብዬ ሰጋሁ፤ እንዳልለጠፍከው ግን ተስፋ አለኝ። የጻፍክልኝ ስለ ሰውየው መስኮት፣ ስለ ሰውየው ጉንጭ ነው። የጠየቅሁህ ግን ስለ አንድ መስመር ነበር። እኔ አንብቤዋለሁ። አንተም አንብበኸዋል። እስቲ በእጅህ ጻፈውና ላክልኝ።

የይለፍ ቃሉን አልከለከልኩህም። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ንገረኝ ነው ያልኩህ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈተና ነበረብን፤ እሱ ግን ምክንያቴ አይደለም። አራት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ።

የመጀመሪያው መስመር ይኸው፦

«ወንድማችን የሰማዩ ዘበኛ ቀደም ብሎ እንደነገረን፣ ይህች ልጅ ከሃዲ ናት።»

የሰማዩ ዘበኛ እኔ ነኝ።

ካቻምና እታለም ወደ ድልድዩ ማዶ መሄድ ስትጀምር የክፍላችን ልጆች «እህትህ ጎራ ለወጠች፣ ያንተስ ዝውውር መቼ ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እናቴ ምንም አትልም፤ ከአምልኮ ስትወጣ ግን እንደ ድሮው እታለምን ቆማ አትጠብቅም። ለብቻዋ ትመጣለች። ያንን ሳይ በውስጤ ነደድኩ። ለእታለም በአፌ ምንም አላልኳትም፤ ዝም አልኳት። በስልኬ ግን የብረት ቁልፍ ፎቶ ለጥፌ «የሰማዩ ዘበኛ» ሆንኩና እናንተ ገጽ ላይ «ከሃዲ» ብዬ ጻፍኩባት።

የመለሰችልኝን ያውቁታል። «ያስቀየምኩዎት ነገር እንዲገባኝ እፈልጋለሁ። የሚያምኑትን በራሴ ቃል ልናገርና፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» አለችኝ። እኔን! እርስዎ እያለች! ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። እኔ በእኔ ክፍል፣ እሷ በእሷ፣ መሐላችን አንድ ግድግዳ። ከጻፍኩላት በኋላ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደርጋለሁ። አንዳንዴ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማኛል። አንዳንዴ ብቻዋን ትስቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከዚያ እራት ላይ እንገናኝና «ዳቦውን አቀብለኝ» ትለኛለች። አቀብላታለሁ።

መጨረሻ ላይ መልስ ሳጣ «ያው ከሃዲ ነሽ» ብዬ ጠፋሁ። አሲድ ያነበበው እሱን ነው። እኔ የዘራሁትን ነው አሲድ ሞቷ ላይ የደገመው።

አሁን ሲያሸልበኝ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው። እታለም መነጽር ቤቱ ውስጥ ቆማ ለአንድ ደንበኛ መነጽር ታደርግለታለች። «አሁን ይታይዎታል?» ትለዋለች። ደንበኛው እኔ ነኝ። አይታየኝም። ሌላ መስታወት ትቀይርልኛለች፣ እንደገና ትጠይቀኛለች፤ አትሰለችም።

እትዬ፣ ፎቶውን የትም አልለጠፍኩም። ሌላ ነገር ነው የምጠይቅዎ። እኔ መሆኔን ብታውቅ ኖሮ ምን የምትል ይመስልዎታል? እርስዎ ያውቋት ነበር። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሊያጽናኑኝ ብለው አይሸንግሉኝ።

ታናሽዎ


ጥር 8

ለምወድህ፣ ለማከብርህ ለታናሹ፣

የሰማይና የምድር ጌታ እንባህን ይቁጠርልህ።

አልሸነግልህም። በሦስተኛው ቀን አውቃሃለች።

የአራት ዓመት ልጅ ሳለህ ሮዝ ሳሙና ከረሜላ መስሎህ ገመጥክ አሉ። ሁሉም ሲስቅብህ ዓይንህ እንባ አቅርሮ፣ አፍህ አረፋ እየደፈቀ፣ «ይጣፍጣል!» ብለህ ድርቅ አልክ። ከዚያ ወዲህ በእናንተ ቤት ስህተቱን አላምን ላለ ሰው «ሳሙናው ጣፈጠው» ይባላል። የሰማዩ ዘበኛ በሦስተኛው ቀን ምን ብሎ እንደጻፈ ታስታውሳለህ? «እመቤቴ፣ ለእርስዎ ሳሙናው ጣፍጦዎታል!» ሌላ አንባቢ ምን ይግባው? በዓለም ላይ ይህን የሚል ቤት አንድ ብቻ ነው።

ወዲያው ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሳቋን ሰው እንዳይሰማ ጃንጥላዎቹ መሐል ገባሁ። «እትዬ፣ ዘበኛው ጩጬ ነው! የሰማይን በር የሚጠብቀው የእኛው ጩጬ ነው!» ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። እነግረዋለሁ ስላት፣ «እባክዎ እንዳይነግሩት» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ካኮረፈኝ ሰባት ወሩ ነው። እዚህ ግን በቀን ሦስቴ ያናግረኛል።»

የመጨረሻው ቃልህ አልጎዳትም አልልህም። ጎድቷታል። የጻፈው ማን እንደሆነ እያወቀች ነው ያለቀሰችው፤ እያወቀች ነው በማግስቱ አጠገብህ የተቀመጠችው። እስክትነግራት ትጠብቅህ ነበር። ጊዜ ያለ መስሏት ነበር፤ ለሁላችንም መስሎን ነበር። ስትጠይቀኝ ብቻ ልነግርህ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

የይለፍ ቃሉን ከደብዳቤው ጋር ባለችው ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌልሃለሁ። ገጹ ያንተ ነው። ሰውየውን አጥፋው ወይም ተወው፣ ፎቶውን ስቀለው ወይም ቅደደው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አላዝህም።

እትዬህ


ጥር 30

ይድረስ ለተከበሩና ለምወድዎ እትዬ፣

ቸርነቱ እስከ ምድር ቤትዎ ይውረድልዎ። ይህን የምጽፍልዎ ከእታለም ጠረጴዛ ላይ ነው። የፍሬሞቹ ዓይኖች ግድግዳው ላይ ደርሰዋል።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ገጹን ከፈትኩት። የአሲድ ፎቶ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንድ ነገር መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ከዚያ በፊት የሁለቱን ሳምንት ጽሑፍ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩት፤ ማን መሆኔን ታውቅ እንደነበር እያሰብኩ። ሌላ ጽሑፍ ሆነብኝ! በስምንተኛው ቀን «ይህን የሚጽፉልኝ እራትዎን በልተው ነው ወይስ ተቆጥተው ትተውት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ያን ጊዜ ስድብ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን እራት ትቼ ክፍሌ ገብቼ ነበር፤ በሩ ላይ ሳህን ሸፍኖ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ፎቶውን አጠፋሁት። በራሴ ስም «የሰማዩ ዘበኛ እኔ ነኝ፤ ከሃዲ ያልኳት እህቴ ናት፤ ተሳስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን አንብበውት ይሆናል። ያላነበቡትን ልንገርዎ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። ዝናብ ያዘለ ብርሃን ነበር፤ ጠርሙሶቹ ሁሉ ከውስጣቸው የሚበሩ ይመስሉ ነበር። አሲድ ጀርባውን ሰጥቶኝ የመስታወት ቱቦ ያጥባል።

«ምን ሰብረህ መጣህ?» አለኝ ሳይዞር።

«ምንም። ልነግርዎ የመጣሁት ነገር አለ። የሰማዩ ዘበኛ እኔ ነኝ።»

ዞሮ አየኝ። ስልኩን ከትናንት ጀምሮ አልከፈተውም መሰለኝ። «አንተ? እኔ እኮ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ነበር የመሰልከኝ! ያን ሁሉ ቁጣ ከየት አምጥተህ ነው?» ብሎ መሳቅ ጀመረ።

«ከሃዲ ያልኳት ደግሞ እህቴ ናት።»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ውሃው እየፈሰሰ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠባሳው ከቅርብ ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም፤ ብራና ነው የሚመስለው።

ደንቡን ጀመርኩት። «እርስዎ የሚያምኑትን ልናገርልዎ። ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። እምነት እናት የምታወርሰው ቤት ነው ይላሉ። ጣሪያው ቢያፈስ ውስጡ ሆነው ይጠግኑታል እንጂ ጥለውት አይወጡም። የወጣ ሰው ብርዱን ራሱ መርጦታል፤ ለእሱ ማልቀስ ደግሞ ውስጥ የቀሩትን ማስከፋት ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው» አለ። «እኔ ራሴ እንኳ እንዲህ አሳምሬ አላልኩትም።» ከዚያ አቀርቅሮ፣ «እሷስ ምን ትል ነበር? እውነቱን ልንገርህ፣ እሷን አንብቤያት አላውቅም። ያንተን ብቻ ነበር የማነበው» አለኝ።

እትዬ፣ ነገርኩት። የተናገረችው በቃሌ ነበረኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታስረዳኝ የኖረችው እኔን ነዋ። ቤቱን አልተውኩም ትል እንደነበር፣ ለእኔ የተከፈተልኝ ሌላ በር ነው እንጂ ባለቤቱ ያው አንድ ነው ትል እንደነበር፣ ሳትጸልይላቸው የዋለችበት ቀን እንደሌለ፤ ለእናቷም፣ ለሚሰድቧትም። የግቢው መዝጊያ ደወል ተደወለ። ማናችንም አልተነሳንም።

«አልስማማም» አለ በመጨረሻ። «ሌላ በር የሚባል ነገር የለም።»

«አውቃለሁ።»

«አላለቅስላትም ያልኩት ግን...» ብሎ አልጨረሰውም። ተነስቶ ውሃውን ዘጋ። ነጭ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ። እጁን ሁለት ጊዜ አደረቀ።

«እናትህ ቤት ናት?» አለኝ።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። ካፊያው በጣም ቀጭን ስለነበር ሰዎች በጭጋግ ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ ኮሌታውን አስተካከለ። እናቴ ከፈተች። ሰውየውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ማን ናቸው?» አለችኝ።

«ከእታለም ጋር የማይስማሙ ሰው ናቸው» አልኩ። «ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት።»

እናቴ ቀጥላ ያለችውን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም፣ እትዬ፤ ለእርስዎም እንዳልነገረችዎ አውቃለሁ።

«እኔም ከእሷ ጋር አልተስማማሁም ነበር» አለችው። «ይግቡ።»

አክባሪዎ፣
ወንድሟ